ከአዲስ አበባ ሆኖ ለኤምቢኤ ማመልከት፦ ፎርሙን ከመክፈታችሁ በፊት ምን፣ በምን ቅደም ተከተል ይሠራል?

ብዙ ሰው የኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ማመልከቻን ከመጨረሻው ይጀምረዋል። የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ ይከፍታል፣ አካውንት ያወጣል፣ ስሙን ይሞላል፤ «ትራንስክሪፕት ያስገቡ» የሚለው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ትራንስክሪፕቱ በኮስት ሼሪንግ ተይዟል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም ዲግሪው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፉልኛል ያላቸው አለቃ ለገና ሀገር ቤት ገብተዋል። ቀኑ ያልፋል፣ ዓመቱም አብሮ ይሄዳል። ጥሩ ውጤትና ጥሩ ሥራ ያላቸው ልጆች በዚህ መንገድ ሲቀሩ ማየት በጣም ያሳዝናል።

መመሪያው አዲስ አበባ ውስጥ እየሠሩ ውጭ ሀገር የሙሉ ጊዜ ኤምቢኤ ለመማር ለሚያስቡ ነው። እዚሁ መማር ለምትፈልጉም ደረጃ 5 ላይ የሚመለከታችሁ ክፍል አለ። ደረጃዎቹን አትዝለሉ፤ የኋለኛው በፊተኛው ላይ የቆመ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ቀኑን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩ

አብዛኞቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በሦስት ዙር ይቀበላሉ። አንደኛው ዙር ሴፕቴምበር ላይ ይዘጋል፤ በእኛ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ማለት ነው። ሁለተኛው በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ይውላል። ሦስተኛው ወደ ኤፕሪል ነው። ሦስተኛውን ዙር እርሱት። እስከዚያ ድረስ ወንበሩም የስኮላርሺፕ ገንዘቡም አብዛኛው ተይዟል፤ ቢቀበሏችሁ እንኳ ለቪዛ የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው። እንደ ኢንሲያድ ያሉ የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጃንዋሪና በበጋቸው መጨረሻ፣ ትምህርት ስለሚጀምሩ የእነሱን ቀን ለብቻው መዝግቡ።

ለሁለተኛው ዙር የምትዘጋጁ ከሆነ ይህን ያዙ፦ መጋቢትና ሚያዝያ ለሰነድ፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ለፈተና፣ መስከረም ለትምህርት ቤት ምርጫና ለደጋፊዎች (የድጋፍ ደብዳቤ ለሚጽፉላችሁ ሰዎች)፣ ጥቅምትና ኅዳር ለጽሑፍ። የድጋፍ ደብዳቤዎች ደግሞ እስከ ታኅሣሥ 10 ድረስ ገብተው ማለቅ አለባቸው። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ የማመልከቻው መዝጊያ ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ወይም በዚያው ሳምንት ይውላል። በዚያ ሰሞን አለቃችሁን ኢሜይል ክፈቱልኝ ብሎ መለመን አይሳካላችሁም።

ሌላው ወጥመድ ሰዓት ነው። መዝጊያው «በቦስተን ሰዓት ቀትር» ከተባለ በሴፕቴምበር እኛ ጋ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። በጃንዋሪ ግን እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። የፈተና ቀጠሮ ላይ «8:00» ከሰዓት በፊት የሚል ካያችሁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው ብሎ ምሳ በልቶ የሚሄድ ሰው ፈተናውም ገንዘቡም ያልፈዋል። ሁሉንም ቀንና ሰዓት በአንድ ወረቀት ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ደረጃ 1፦ ስማችሁንና የልደት ቀናችሁን አንድ አድርጉ

መነሻው ፓስፖርት ነው። ከሌላችሁ ወይም ሊያበቃ ከተቃረበ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ከዚህ ጀምሩ፤ ለኤምቢኤ መግቢያ የሚጠየቀው የጂማት ፈተና ማዕከል ያለ ፓስፖርት አያስገባችሁም።

1. ፓስፖርቱን፣ ዲግሪውን፣ ስቱደንት ኮፒውንና የፋይዳ መታወቂያውን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ።
2. የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ዮሐንስ ዲግሪው ላይ በኤች፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለ ኤች ሊጻፍ ይችላል። ፀጋዬ አንዱ ላይ በዋይ፣ ሌላው ላይ በአይ ይመጣል።
3. ፓስፖርቱ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የተጻፈው የማን ስም እንደሆነ ተመልከቱ። የፈተና አካውንትም ሆነ የማመልከቻ ፎርም ስትሞሉ እሱኑ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ገልብጡ። አንዱ ጋ የአባት፣ ሌላው ጋ የአያት ስም ካስገባችሁ የፈተና ውጤታችሁ ከማመልከቻችሁ ጋር አይገናኝም።
4. የልደት ቀንን በ«7 ወይም 8 ዓመት መጨመር» ብቻ አትገምቱ። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ 1 በኋላ 8 ይጨመራል፤ ቀኑና ወሩም ይቀየራል። ለምሳሌ ጥር 12 ቀን 1990 የሚሆነው ጃንዋሪ 20 ቀን 1998 ነው።

*ካልገጠመ፦* የአንድና ሁለት ፊደል ልዩነት ከሆነ ሬጅስትራር ሄዳችሁ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ፤ ማመልከቻው ላይ «ተጨማሪ መረጃ» በሚለው ቦታ በሁለት መስመር አስረዱ። የአባት ወይም የአያት ስም ጭራሽ የተለያየ ከሆነ ግን ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል፤ ወራት ስለሚፈጅ ዛሬውኑ ጀምሩት። በምንም ዓይነት ራሳችሁ ፋይሉ ላይ ፊደል አታስተካክሉ። ኮምፒውተር ላይ አንድ ፊደል የነካ ሰው ሰነድ እንዳጭበረበረ ነው የሚቆጠረው፤ ማስረዳትም አይቻልም።

ደረጃ 2፦ ትራንስክሪፕትና ኮስት ሼሪንግ

ብዙ ሰው የሚያዝነው ያለ ምክንያት ነው፦ ለማመልከት ጊዜ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የሚቀበሉት እናንተው ስካን አድርጋችሁ የምታስገቡትን ኮፒ ነው። በታሸገ ፖስታ ከሬጅስትራር የሚላከው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የሚጠየቀው ከተቀበሏችሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ስቱደንት ኮፒ ካላችሁ ማመልከቻው አይቆምም። ኦፊሻሉን ግን አሁኑኑ መጠየቅ ጀምሩ፤ የሚዘገየው እሱ ነው።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ ከሆነ ሬጅስትራር በመጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የኮስት ሼሪንግ ክሊራንስ ነው። ደመወዛችሁ ላይ በየወሩ ስለተቆረጠ ብቻ ተከፍሏል ማለት አይደለም። መሥሪያ ቤታችሁ የቆረጠውን ለገቢዎች በስማችሁ ማስገባቱን ከፋይናንስ ክፍሉ አጣሩ፤ ደረሰኙን በኮፒ ያዙ። መሥሪያ ቤት የቀየራችሁ ደግሞ የድሮው ጋ የተቆረጠውን አትርሱ፤ ክፍተት የሚገኘው ሁልጊዜ እዚያ ነው። የቀረ ካለ ክፈሉና የማጠናቀቂያ ደብዳቤውን ይዛችሁ ወደ ሬጅስትራር ሂዱ።

ሬጅስትራር ቢሮ በምርቃትና በምዝገባ ሰሞን፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት፣ ይጨናነቃል። ከተቻለ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ፣ በሳምንቱ አጋማሽ፣ ጠዋት ሂዱ። ከአዲስ አበባ ውጭ የተመረቃችሁ ውክልና ሰጥታችሁ የምትልኩትን ሰው አሁን ምረጡ።

ስካን ስታደርጉ፦

- ፊትና ጀርባውን አንሱ። የውጤት አሰጣጡ ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ነው።
- በቀለም፣ ቀጥ ብሎ፣ ማኅተሙ እንዲነበብ አድርጉ። የስልክ ስካነር መተግበሪያ ይበቃል።
- በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ፎቶ አትላኩት፤ ጥራቱ ይወርዳል። እንደ ፋይል ላኩ።
- አራት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ ካሉት ኮፒ ቤቶች በአንዱ ካስነሳችሁ ፋይሉን ከኮምፒውተራቸው ላይ አስጠፍታችሁ ውጡ። ዲግሪና ፓስፖርት አንድ ላይ በሰው ኮምፒውተር ላይ አይቀርም።

ውጤታችሁን ከ4 ነጥብ ወደ ሌላ ሚዛን አትቀይሩ፤ እንዳለ ጻፉት። ሰነዱን በሚመለከተው የትምህርት መሥሪያ ቤትና በውጭ ጉዳይ የማረጋገጥ ሥራም ትምህርት ቤቱ በግልጽ ካልጠየቀ በዚህ ጊዜ አያስፈልግም፤ ወረፋውን ከተቀበሏችሁ በኋላ ትሰለፋላችሁ።

ደረጃ 3፦ ፈተና

የመግቢያ ፈተናዎቹ ሁለት ናቸው፤ መጀመሪያ ጂማት ወይስ ጂአርኢ የሚለውን ጨርሱ። አብዛኛው ትምህርት ቤት ሁለቱንም እኩል ይቀበላል። ሁለቱም ነጻ መለማመጃ ፈተና በድረ ገጻቸው ላይ አላቸው። ቅዳሜ አንዱን፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላውን ሰዓት ይዛችሁ ሥሩና የተሻላችሁበትን ምረጡ። ከዚያ በኋላ አትቀያይሩ።

የአሁኑ ጂማት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው፤ ሦስት ክፍሎች አሉት፣ እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ፦ የሒሳብ 21፣ የንባብና የአመክንዮ 23፣ የዳታ ትንተና 20 ጥያቄ። ካልኩሌተር የሚፈቀደው በዳታው ክፍል ብቻ ነው። ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ነው። ከ2024 በፊት የተጻፈ ምክር ስታነቡ ተጠንቀቁ፤ በድሮው ሚዛን 700 የነበረው በአዲሱ ወደ 645 ይጠጋል። 645 አምጥቶ «ወደቅሁ» ብሎ የተቀመጠ ሰው በከንቱ ነው የተቀመጠው። ጂአርኢም አጥሯል፤ 2 ሰዓት አይሞላም።

የእኛ ልጆች ሒሳቡን አይፈሩትም፤ ጊዜ የሚበላባቸው ረጅም አንቀጽ አንብቦ የጸሐፊውን መከራከሪያ ማግኘት ነው። በየቀኑ የእንግሊዝኛ የንግድ ወይም የሳይንስ ጽሑፍ አንድ አንብቡ፤ ስትጨርሱ ዋናውን ሐሳብ በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ያልተናገራችሁትን አልገባችሁም። ቤት ውስጥ ጸጥታ ከሌለ አራት ኪሎ አብርሆት ወይም ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወመዘክር ግቡ። የመለማመጃ ፋይሉን ኢንተርኔት ባለበት አውርዳችሁ ያዙ፤ መብራትና ኔትወርክ ሲሄድ ጥናቱ አብሮ አይሂድ።

ፈተናውን ከቤት መውሰድ የሚቻልበት አማራጭ ቢኖርም፣ ማዕከል ማግኘት ከቻላችሁ ማዕከል ምረጡ። በቤታችሁ መብራት ከጠፋ፣ ሰው በር ከከፈተ ወይም ኔትወርኩ ከተቆራረጠ ፈተናው ሊቋረጥ ይችላል።

*ውጤቱ ካልጣማችሁ፦* ጂማትን ከ16 ቀን በኋላ፣ ጂአርኢን ከ21 ቀን በኋላ እንደገና መውሰድ ይቻላል፤ ሁለቱም በ12 ወር ውስጥ ከአምስት ጊዜ አይበልጡም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፈተና መዝጊያው ሳምንት ላይ አትቅጠሩት፤ ለመድገም ቢያንስ ሁለት ወር ይኑራችሁ። የሁለቱም ውጤት ለ5 ዓመት ያገለግላል።

*ማስጠንቀቂያ፦* በቴሌግራም «የዘንድሮ ትክክለኛ ጥያቄ» እያሉ የሚሸጡትን አትንኩ። ሐሰት ከሆነ ገንዘባችሁን፣ እውነት ከሆነ ውጤታችሁን ያሳጣችኋል፤ የፈተናው ባለቤቶች እንዲህ ያለውን ውጤት ይሰርዛሉ።

ስለ እንግሊዝኛ ፈተና፦ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን በእንግሊዝኛ ስለተማራችሁ ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች አይኤልትስና ቶፍልን ይተዉላችኋል። ሬጅስትራር ለትራንስክሪፕት ስትሄዱ «የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር» የሚል ደብዳቤ በዚያው ጠይቁ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ግን ደብዳቤውን አይቀበሉም፤ ስለዚህ ከየትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ አንብባችሁ ወስኑ። አይኤልትስና ቶፍል የሚያገለግሉት 2 ዓመት ብቻ ስለሆነ ቸኩላችሁ አትፈተኑ።

ደረጃ 4፦ የመክፈያ መንገድ

የብር ካርዳችሁ የፈተናም የማመልከቻም ክፍያ አያወጣም። ፈተናው ብቻ ከ200 ዶላር በላይ ነው፤ አንዳንድ ትምህርት ቤት ለማመልከቻ ሌላ 200 እና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ወጪውን በብር ማስላት አያዋጣም፤ በዶላር ያዙት።

1. ደመወዛችሁ የሚገባበትን ባንክ ዓለም አቀፍ ክፍያ የሚፈጽም ካርድ እንዳለውና ምን ሰነድ እንደሚጠይቅ ጠይቁ። ፓስፖርቱንና ክፍያውን የሚያሳየውን ገጽ አትማችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ ቅርንጫፍ «የለም» ካለ ዋናውን መሥሪያ ቤት ሞክሩ።
2. ውጭ ያለ ዘመድ የሚከፍልላችሁ ከሆነ በሌላ ሰው ካርድ መክፈል ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፤ የፈተናው አካውንት ግን በእናንተ ስም ይሁን።
3. ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የማመልከቻ ክፍያ ነጻ ማድረጊያ እንዳለ ጠይቁ። ብዙዎቹ አላቸው። መጠየቅ ያለበት ግን ከመክፈላችሁ በፊት ነው፤ ከከፈላችሁ በኋላ አይመለስም። በኢሜይል የደመወዛችሁን መጠን ጠቅሳችሁ በአጭሩ ጠይቁ፤ ማፈር አያስፈልግም።

ደረጃ 5፦ የት ልማር?

ከአራት እስከ ስድስት ትምህርት ቤት ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ጽሑፋችሁ ይሳሳል። በዝርዝራችሁ ውስጥ የፈተና ውጤታችሁ ከትምህርት ቤቱ አማካይ በላይ የሆነበት ቢያንስ አንድ ትምህርት ቤት ይኑር። ጥሩ ስም ያላቸው የአፍሪካ ትምህርት ቤቶችም አሉ፦ የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ፣ የናይሮቢው ስትራዝሞር፣ የሌጎስ ቢዝነስ ስኩል። ወጪውም ርቀቱም ይቀላል፤ ወደ ሀገራችሁ ተመልሳችሁ በምሥራቅ አፍሪካ መሥራት ከፈለጋችሁ የምታገኙት ትውውቅም ጠቃሚ ነው።

የሙሉ ጊዜ ኤምቢኤ የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ በትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ተማሪው በአማካይ ወደ 5 ዓመት ሠርቶ ነው የሚገባው። አሁን የተመረቃችሁ ከሆነ የማኔጅመንት ማስተርስ ፈልጉ ወይም ሥራ ላይ ቆዩ።

እንግሊዝ የምትመርጡ የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠውን የቺቭኒንግ ስኮላርሺፕን ከማመልከቻው ጋር እኩል ያዙት። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በታች ነው። ሦስት ኮርሶችን ትመርጣላችሁ፤ ከተማራችሁ በኋላ 2 ዓመት ሀገራችሁ መመለስ ግዴታ ነው። ምዝገባው ብዙ ጊዜ በክረምት ይከፈታል፤ ለኤምቢኤ የሚሰጠው ገንዘብ ጣሪያ ስላለው የቀረውን ከየት እንደምትሞሉ አስቀድማችሁ አስቡ።

*እዚሁ ለመማር፦* በሀገር ውስጥ ማስተርስ ለመግባት መጀመሪያ የሚታለፈው የትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ሰው ጋት የሚለው፣ ነው። የምዝገባ ቀኑ ይወጣና በአጭር ጊዜ ይዘጋል፤ የሚኒስቴሩን ይፋዊ ገጽ ተከታተሉ። ከዚያ በዩኒቨርሲቲው ፖርታል ታመለክታላችሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክት ሰው የትኛው ግቢ እንደሚማር ቀድሞ ይወቅ፤ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ ሰንጋ ተራ ነው፣ ዋናው ግቢ ደግሞ ስድስት ኪሎ። ከሥራ ወጥቶ ማታ ለሚማር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የግል ኮሌጅ ከመረጣችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ፈቃዱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። ፈቃድ የሚሰጠው በካምፓስና በትምህርት ዓይነት ነው፤ ኮሌጁ በዲግሪ ደረጃ ፈቃድ ስላለው ማስተርሱ ተፈቅዷል ማለት አይደለም።

ደረጃ 6፦ ደጋፊዎች

እዚህ ላይ ቀስ በሉ፤ ከሁሉም በላይ የሚበላሸው ይህ ነው።

የሥራ ልምድ ደብዳቤና የድጋፍ ደብዳቤ አንድ አይደሉም። ሰው ኃይል የሚጽፈው፣ ማኅተም ያለበት፣ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ ደመወዝ አገልግለዋል» የሚለው ወረቀት እዚህ ቦታ የለውም። የሚፈለገው በየቀኑ ሥራችሁን ያየ ሰው በኢሜይል በሚደርሰው ሊንክ ገብቶ ጥያቄ የሚመልስበት ፎርም ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ይጠየቃል።

ስለዚህ ዋና ሥራ አስኪያጁን ትታችሁ የቅርብ አለቃችሁን ምረጡ። ስማችሁን የማያስታውስ ፕሬዚዳንት ከሚጽፈው ሦስት መስመር፣ ከእናንተ ጋር ሌሊት ሪፖርት የሠራ የክፍል ኃላፊ የሚጽፈው አንድ ገጽ ይበልጣል። ሰኔና ሐምሌ የበጀት መዝጊያ ስለሆነ በተለይ ባንክና ፋይናንስ ያሉትን በዚያ ጊዜ አትጠይቁ። መስከረም ጥሩ ነው።

በአካል ጠይቁ፤ ካልተመቸ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ …፣ ለኤምቢኤ ለማመልከት እየተዘጋጀሁ ነው። ሥራዬን በቅርብ ያዩት እርስዎ ስለሆኑ ድጋፍ እንዲጽፉልኝ ልጠይቅዎ ፈለግሁ። ፎርሙ በኢሜይልዎ ይመጣል፤ መዝጊያው ታኅሣሥ 10 ነው። ፈቃደኛ ከሆኑ አብረን የሠራናቸውን ሥራዎች በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ ላምጣልዎ። ጊዜ ከሌለዎ በግልጽ ቢነግሩኝ ምንም ቅር አይለኝም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አታውጧት። በእኛ ሀገር ትልቅ ሰው «እምቢ» ማለት ይከብደዋል፤ «እሺ ችግር የለም» ብሎ ሳይጽፍ ቀኑ ያልፋል። መውጫውን እናንተ ስጡት።

አንድ ገጹ ላይ ጥሬ እውነታ ብቻ ይኑር፦ የሠራችሁት ሥራ፣ ጊዜው፣ የተገኘው ለውጥ፣ በቁጥር። ፎርሙ ላይ ስለሚመጡ ሁለት ጥያቄዎችም በአክብሮት ንገሯቸው። አንደኛው እናንተን ከእኩዮቻችሁ ጋር ማወዳደር ነው። ሁለተኛው የሰጧችሁ ገንቢ አስተያየትና እናንተ እንዴት እንደተቀበላችሁት ነው። ብዙ ኃላፊ በደግነት «ምንም ድክመት የለበትም» ብሎ ይጽፋል፣ ሁሉንም ሣጥን «እጅግ ከፍተኛ» ይሞላል። አንባቢው ያን ሲያይ ሰውዬው አያውቀውም ብሎ ያልፈዋል። «አንድ የታረምኩበትን ነገር ቢጽፉልኝ ይጠቅመኛል» በሏቸው።

*«ራስህ ጻፈውና ልፈርም» ካሉ፦* በጣም የተለመደ ነው፤ ከክፋትም አይደለም። ግን አትጻፉ። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች በግልጽ ይከለክሉታል፤ ከተቀበሉ በኋላ ለደጋፊዎች ደውሎ የሚያጣራ ድርጅት የሚቀጥሩም አሉ። «ደንቡ አይፈቅድልኝም፤ ግማሽ ሰዓት ይስጡኝና አብረን ጥያቄዎቹን እንያቸው» በሉ። እንግሊዝኛ መጻፍ ከብዷቸው ከሆነ ሐሳባቸውን በአማርኛ ነግረውት የሚጽፍላቸው ሌላ ሰው ራሳቸው ይምረጡ፤ ያ ሰው እናንተ ወይም ዘመዳችሁ አይሁን።

*የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ከሌላቸው፦* የግል ኢሜይል ያስገቡ፤ ማመልከቻው ላይ መሥሪያ ቤቱ የራሱ ኢሜይል እንደሌለው በአንድ መስመር ግለጹ። ሊንኩን በላካችሁበት ቀን ደውላችሁ ስፓም ውስጥ እንዳልገባ እንዲያዩ ንገሯቸው።

*አለቃችሁ እንዳያውቁ ከፈለጋችሁ፦* የቀድሞ አለቃ ወይም በቅርብ የሠራችሁት ደንበኛ ይጻፍ፤ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ። ትምህርት ቤቶቹ ይረዳሉ።

ደረጃ 7፦ ሲቪና ጽሑፍ

ሲቪው አንድ ገጽ ይሁን። ፎቶ፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የጋብቻ ሁኔታና «ዋቢ ሰዎች» የሚለውን አውጡ። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁኑ፤ «የ2015 በጀት ዓመት» ያላችሁት ከጁላይ 2022 እስከ ጁላይ 2023 ነው። የብር መጠን ስትጠቅሱ በዛሬው ምንዛሪ ወደ ዶላር አትቀይሩ፤ በ2014 ያስተዳደራችሁት ብድር ዛሬ ሲቀየር በጣም ያንሳል። በብሩ ተዉትና ከቅርንጫፉ ወይም ከክፍሉ ምን ያህል ድርሻ እንደነበር ጻፉ።

ጽሑፉ ላይ የእኛ ችግር ጨዋነት ነው። «እኔ» ማለት ያሳፍረናል፤ «እንደ ቡድን ሠራን» ብለን እናልፋለን። አንባቢው ደግሞ እናንተ ምን እንዳደረጋችሁ ነው የሚፈልገው። ለምሳሌ «በባንኩ የተለያዩ የሥራ ክፍሎች ከፍተኛ አስተዋጽኦ አበርክቻለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ባዶ ነው። «መርካቶ ቅርንጫፍ ስመደብ የብድር ፋይል ሦስት ሳምንት ይቆይ ነበር፤ ሁለት ጊዜ የሚፈረምበትን ቅጽ እንዲቀር አለቃዬን አሳመንኩ» ሲባል ግን ሰው ይታያል፤ ሐሳቡ፣ ድፍረቱ፣ ቦታው። እንዲህ ያለ አንድ ታሪክ ከአሥር ማዕረግ ይሻላል።

በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ፦ መጀመሪያ ከሥራችሁ ስድስት ታሪኮችን በአማርኛ ጻፉ። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት ጥያቄ አንብባችሁ የትኛው ታሪክ እንደሚመልሰው አዛምዱ። ከዚያ ብቻ በእንግሊዝኛ ጻፉ። ዕቁብ፣ ወረዳ፣ ሊዝ የሚሉ ነገሮች ሲመጡ በግማሽ መስመር አስረዱ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሀገሬን ለማገልገል» ብሎ የሚጀምረውን አንቀጽ ሰርዙት፤ ሀገራችሁን መውደዳችሁ የሚታየው ልትሠሩት ባሰባችሁት የተወሰነ ሥራ ነው።

ከሌላ ሰው የስኮላርሺፕ ደብዳቤ አትገልብጡ፤ ትምህርት ቤቶች መመሳሰልን የሚለይ ፕሮግራም ይጠቀማሉ። «ጽፈን እናስገባለን» ለሚል ኤጀንት ደግሞ የማመልከቻ ፓስወርዳችሁን አትስጡ። የፈለገውን ሰነድ በስማችሁ ቢያስገባ ተጠያቂው እናንተ ናችሁ።

ደረጃ 8፦ ማስገባት

ከመዝጊያው ሦስት ቀን በፊት አስገቡ። ከማስገባታችሁ በፊት ቅድመ እይታውን በፒዲኤፍ አውርዳችሁ ወረቀት ላይ አትሙና በእስክሪብቶ አንብቡ። በተለይ የሌላ ትምህርት ቤት ስም እንዳልቀረ ተመልከቱ፤ በየዓመቱ የሚደጋገም ስሕተት ነው። የስልክ ዳታ በመጠባበቂያ ይኑር፣ ላፕቶፑ ቻርጅ ይሁን። «ተቀብለናል» የሚለውን ገጽ በስክሪንሾት ያዙ፤ የማረጋገጫ ኢሜይሉንም አስቀምጡ።

*ክፍያው እምቢ ካለ፦* ደጋግማችሁ አትጫኑ፤ ሁለት ጊዜ ሊቆረጥ ይችላል። ለባንኩ ደውሉ። የቀረው ጥቂት ሰዓት ብቻ ከሆነ ለትምህርት ቤቱ የስሕተቱን ስክሪንሾት አያይዛችሁ ወዲያው ጻፉ፤ ከመዝጊያው በፊት የተጻፈ ኢሜይል ይደመጣል፣ ከመዝጊያው በኋላ የተጻፈ ግን አይደመጥም።

ደረጃ 9፦ ከዚያ በኋላ

ቃለ መጠይቅ የሚደረገው ለተጋበዘ ብቻ ነው፤ ግብዣ ስላልመጣ በየቀኑ ኢሜይል አትጻፉ። ከመጣ በኦንላይን ስለሚሆን መብራትና ኔትወርክ የሚታመንበት ክፍል አስቀድማችሁ ለምኑ፤ የጓደኛ ቢሮ ጥሩ ነው። የጠያቂውን ኢሜይል ስልካችሁ ላይ ክፍት አድርጋችሁ ያዙ፤ መስመሩ ከተቋረጠ በዚያው ደቂቃ «መብራት ሄዷል፣ በስልክ ዳታ እየተመለስኩ ነው» ብላችሁ ላኩ።

ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ከገባችሁ የሚፈቅዱ ከሆነ አዲስ ነገር ብቻ ላኩ፦ የደረጃ ዕድገት፣ የተሻለ የፈተና ውጤት። ካልተቀበሏችሁ ደግሞ ፋይሉን አትጣሉት። ትራንስክሪፕቱ፣ ክሊራንሱና የፈተናው ውጤት በሚቀጥለው ዙር ያገለግላሉ። ደጋፊዎቻችሁን ደውላችሁ አመስግኑ፣ ውጤቱንም ንገሯቸው፤ በድጋሚ ልትጠይቋቸው ትችላላችሁ። እንደገና ለሚያመለክት ሰው ብዙ ትምህርት ቤቶች «ከባለፈው ምን ተለወጠ?» የሚል ልዩ ጥያቄ አላቸው፤ ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥራ ቦታ የያዛችሁትን አዲስ ኃላፊነት፣ ከነቀኑና ከነቁጥሩ፣ በየወሩ መዝግቡ።